ፖስታውን ማን ያስቀምጠው? የኤንሮን ኢሜይሎች ከማኅደር ወደ ሪፖርት

በጥናት ዓለም እንደ ኤንሮን ኩባንያ የኢሜይል ክምችት የተገላበጠና የተበረበረ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ክምችት ውስጥ አንድ እንግዳ ቀን አለ። በርካታ መልእክቶች የተጻፉት ዲሴምበር 31 ቀን 1979 ከቀኑ በ10 ሰዓት እንደሆነ ይናገራሉ። ሁሉም በአንድ ደቂቃ፣ ሁሉም በአንድ ሰከንድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤንሮን የተመሠረተው ግን በ1985 ነው።

ተአምር የለበትም። የግል ኮምፒውተር ሰዓት በልማድ ቆጠራውን የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1980 እኩለ ሌሊት ነው። ክምችቱ ከማሽን ወደ ማሽን ሲጋዝ እውነተኛ ቀናቸው የጠፋባቸው መልእክቶች ይህንኑ የመነሻ ቀን ለበሱ ማለት ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ሲጻፍ ደግሞ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይመለስና የዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይሆናል።

መልእክቱን ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ስሕተት ፈገግ ያሰኛል እንጂ አያሳስትም፤ ጉዳዩን አይቶ መቼ እንደተጻፈ መገመት ይችላል። በየወሩ ስንት መልእክት እንደተላከ ለሚያሳይ ሪፖርት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሪፖርት ደብዳቤ አያነብም፤ የሚያነበው ፖስታውን ነው፦ ማን ላከ፣ ለማን፣ መቼ። ዛሬ በየኩባንያው ሰኞ ጠዋት ኃላፊዎች ፊት የሚዘረጉት ባለቀለም ሠንጠረዦች፣ የደንበኛ ቅሬታ በስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚጻጻፍ፣ ሥራው የት ላይ እንደታነቀ የሚያሳዩት ሁሉ የቆሙት በዚህ ፖስታ ላይ ነው። ኢሜይሉ ይሰበሰባል፣ ይጸዳል፣ ይቆጠራል፣ በመረጃ ቋት ይቀመጣል፤ ከዚያ ሪፖርቱ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ምን ተርፎ ምን እንደተጣለ ከውጭ የሚያይ የለም፤ ኩባንያዎች ይህን የሚሠሩት በዝግ በር ነው። የኤንሮን ክምችት ልዩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጽዳቱም ቆጠራውም የተካሄደው በአደባባይ ነው።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የሠራ፣ ወይም ጉዳይ ሊያስፈጽም የተመላለሰ ሰው መዝገብ ቤትን ያውቃል። ደብዳቤ ሲገባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቁጥርና ቀን ትሰጠዋለች፤ ከማን እንደመጣና ወደየትኛው ክፍል እንደተመራ በገቢ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ ሲወጣም በወጪ መዝገብ እንዲሁ። በደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደረደረው ዝርዝር ደግሞ ጉዳዩን ሌላ ማን እንዲያውቀው እንደተደረገ ይመሰክራል። ነገር የገባው ባለጉዳይ ከዋናው ጽሑፍ ቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ዝርዝር ላይ ነው። ኃላፊው «በዚህ ወር ስንት ደብዳቤ ሳይመለስ ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ ማንም ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አያነብም፤ የመዝገቡ ዓምዶች ይቆጠራሉ። ያ ሰፊ ባለዓምድ ደብተር የዛሬው የሪፖርት መረጃ ቋት አያት ነው። ደብተሩ ግን ፋይሉን ተክቶ አያውቅም። ጥርጣሬ ሲነሳ ፋይሉ ከመደርደሪያ ይወርዳል።

ኢሜይል ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለላቸው። እያንዳንዱ መልእክት የራሱን ገቢና ወጪ መዝገብ በጀርባው አዝሎ ይዞራል፦ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ግልባጭ የደረሰው፣ በስውር ግልባጭ የደረሰው፣ የተላከበት ሰዓት፣ ያለፈባቸው ማሽኖች፣ መልስ የሚሰጠው ለየትኛው መልእክት እንደሆነ። ይህ ሁሉ በራሱ ስለሚጻፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አላስፈለገችም። እሷ ስትሄድ ግን «ይህ ቀን ልክ አይደለም» ብሎ እስክሪብቶውን የሚያነሳ ሰውም አብሯት ሄደ።

ፖስታው ከደብዳቤው ጋር መቀመጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በአሜሪካ ጎልቶ የወጣው ከኤንሮን በፊት፣ በዋይት ሀውስ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ሠራተኞች «ፕሮፍስ» በሚባል የአይቢኤም የቢሮ ሥርዓት መልእክት ይለዋወጡ ነበር። በኖቬምበር 1986 ለኢራን በስውር መሣሪያ መሸጡና ከሽያጩ የተገኘ ገንዘብ ለኒካራጓ ኮንትራ ሸማቂዎች መተላለፉ ሲጋለጥ፣ የደኅንነት አማካሪው ጆን ፖይንዴክስተርና የምክር ቤቱ ባልደረባ ኦሊቨር ኖርዝ ከ5,000 በላይ መልእክቶችን ደመሰሱ። የዘነጉት የመጠባበቂያ ቴፖቹን ነበር። ሥርዓቱ በየጊዜው ራሱን በቴፕ ላይ ይገለብጥ ስለነበር፣ ከፊታቸው የጠፋው ሁሉ ከኋላ ተቀምጦ ተገኘ፤ ለምርመራውም ዋና ማስረጃ ሆነ።

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1989 ሬገን ሥልጣን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ የዋሽንግተኑ ናሽናል ሴኩሪቲ አርካይቭ መሥራች ስኮት አርምስትሮንግና ሌሎች ከሳሾች ቴፖቹ እንዳይደመሰሱ ፍርድ ቤት ሄዱ። የመንግሥት መልስ ለብዙ ቢሮኛ ጆሮ ምክንያታዊ ነበር፦ ጠቃሚ የሆነው መልእክት በወረቀት ይታተማል፣ በፋይል ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ትርፍ ቅጂ ነው። ዳኛ ቻርልስ ሪቺ በጃንዋሪ 1993 ይህን አልተቀበሉም። በወረቀት የታተመው መልእክት ማን እንደላከው፣ ማን እንደተቀበለውና መቼ እንደደረሰ ሁልጊዜ አያሳይም። መልእክቱ የተላከው ለአንድ የስም ዝርዝር ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የዝርዝሩ መጠሪያ ብቻ ነው፤ በዚያን ቀን በዝርዝሩ ውስጥ እነማን እንደነበሩ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ነው። «ማን ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው የምርመራ ሁሉ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሲያጸና፣ ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መልእክት ቢዛመዱም መንትዮች አይደሉም ሲል በዘመድ አስመስሎ ገለጸው።

ይህ ውሳኔ የመንግሥት መዛግብትን የሚመለከት ነበር። የግል ኩባንያዎች ተራ የደረሰው ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በሂዩስተን ነው።

ኤንሮን ከጋዝ ማስተላለፊያ ቱቦ ሥራ ተነስቶ በኤሌክትሪክና በጋዝ ውል ንግድ የገነነ፣ 20,000 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ኩባንያ ነበር። ዲሴምበር 2 ቀን 2001 ኪሳራ አወጀ። የሒሳብ መርማሪው አርተር አንደርሰን ከውድቀቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከኤንሮን ጋር የተያያዙ ሰነዶችን በብዛት እየቀደደና ኢሜይሎችን እየደመሰሰ መገኘቱ ታሪኩን ከሒሳብ ማጭበርበር ወደ ማኅደር ጉዳይ አሻገረው። አንደርሰን በጁን 2002 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዳኝነት ጉባኤው የተሰጠው መመሪያ ስሕተት ነበረበት ብሎ በሜይ 2005 ሲሽረው፣ ሊያስቀጥለው የሚችል ድርጅት ከሞላ ጎደል አልነበረም። በመካከል በጁላይ 2002 የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ምርመራን ለማሰናከል ሰነድ የሚያጠፋ ሰው እስከ 20 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ደነገገ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አምስት የዎል ስትሪት ድርጅቶች፣ ጎልድማን ሳክስና ሞርጋን ስታንሊን ጨምሮ፣ ኢሜይል እንደ ደንቡ ባለማስቀመጣቸው በድምሩ 8.25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። ደንቡ የደላላ ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዘ መልእክትን ለሦስት ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በቀላሉ በሚገኝ ቦታ፣ ሊፋቅና ሊለወጥ በማይችል መልክ እንዲያስቀምጡ ያዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ኩባንያ ኢሜይል ማስቀመጥ የኮምፒውተር ክፍሉ ራስ ምታት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሕግ ክፍሉም ሆነ።

የኤንሮን ደብዳቤዎች ወደ አደባባይ የወጡት ግን በሌላ በር ነው። በ2000 እና በ2001 ካሊፎርኒያ መብራት በተራ ሲጠፋባትና የኤሌክትሪክ ዋጋ ጣራ ሲነካ፣ የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነጋዴዎቹ ገበያውን አጣመው እንደሆነ ለመመርመር የኤንሮንን ኢሜይል ሰበሰበ። በማርች 2003 ምርመራውን ሲያጠቃልል፣ ሕዝቡ ማስረጃውን የማየት መብት አለው ብሎ ክምችቱን በኢንተርኔት ለቀቀው። 150 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የበላይ ኃላፊዎችና ነጋዴዎች፣ የመልእክት ሣጥናቸው እንዳለ ተዘረገፈ። የኤሌክትሪክ ውል፣ የምሳ ቀጠሮ፣ የፍቅር ጠብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፤ ሁሉም በአንድ ከረጢት። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ በምንም ወንጀል አልተከሰሱም። ጩኸት ሲነሳ ኮሚሽኑ የተወሰነውን መልሶ አነሳ፤ ብዙ ሰው ግን አስቀድሞ ገልብጦ ወስዶ ነበር።

እንግዲህ ጽዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከማሳቹሴትስ የመጡ ተመራማሪዎች ቅጂ ገዙ፤ ሲከፍቱት ብልሽት በብልሽት ሆኖ አገኙት። በካሊፎርኒያ ያለው ኤስአርአይ የምርምር ተቋም ባልደረቦች፣ በተለይ ሜሊንዳ ጀርቫዚዮ፣ አስተካከሉት፤ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ኮኸን ደግሞ በ2004 ለማንም ክፍት አድርገው አስቀመጡት። የኤስአርአይ ሰዎች ይህን ያደረጉት የቢሮ ሥራ የሚያግዝ አስተዋይ ኮምፒውተር ለመሥራት በነበራቸው ፕሮጀክት ምክንያት ነው፤ ከዚያው ፕሮጀክት በኋላ ዛሬ በአይፎን የምትናገረው «ሲሪ» ወጣች። ስለዚህ የፈለጉት የሰዎችን ጽሑፍና ልማድ ነበር፤ ያጸዱትም ለዚያ በሚበጅ መልኩ ነው። አባሪዎች አልተካተቱም። የተበላሹ የኢሜይል አድራሻዎች በአንድ ወጥ መልክ ተተኩ፤ ተቀባዩ ጭራሽ ያልተጻፈበት መልእክት «አድራሻ የለም» የሚል ሰው ሠራሽ አድራሻ ተሰጠው።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ክምችቱን በመረጃ ቋት አስገብቶ «ብዙ ደብዳቤ የሚደርሰው ሠራተኛ ማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ «አድራሻ የለም» የሚባል፣ ወንበር የሌለው፣ ደመወዝ የማይቀበል፣ ነገር ግን ደብዳቤ የማያጣ ባልደረባ ኩባንያው ውስጥ ተቀጥሯል። ስሙ የጽዳት ምልክት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያወጣዋል። የማያውቀው ደግሞ በሪፖርቱ አናት ላይ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎቹ ክሊምትና ያንግ በ2004 የ158 ሰዎችን 619,446 መልእክቶች ይዘው ተነሱ፤ ሰው ያልፈጠራቸውን፣ ማሽኑ ራሱ የደገማቸውን ፋይሎች ሲያወጡ 200,399 ቀሩ። በዚያው ዓመት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሼቲና አዲቢ የራሳቸውን ጽዳት አድርገው የ151 ሠራተኞች 252,759 መልእክቶች ላይ ቆሙ። ካርኔጊ ሜለን ለሕዝብ ያስቀመጠው ቅጂ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል መልእክት አለው። ኩባንያው አንድ ነው፣ ሰዎቹም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የኤንሮን ሰዎች ስንት ኢሜይል ነበራቸው ለሚለው ጥያቄ ግን ሦስት መልስ አለ፤ ከሦስቱም ሐሰት የሚባል የለም።

ልዩነቱ የሚመጣው «አንድ መልእክት» ምን ማለት እንደሆነ ከመወሰን ነው። አንድ ሰው ለአራት ባልደረቦቹ የላከው ደብዳቤ በእሱ የተላኩ ሣጥን ውስጥ አንድ፣ በአራቱ ዘንድ አራት ቦታ ይገኛል። አንድ ነው ወይስ አምስት? ድግግሞሹን የሚያስወግድ ሰው አንድ ይላል፤ ለጽሑፍ ጥናት ትክክል ነው። ነገር ግን ከአራቱ ተቀባዮች አንዱ ደብዳቤውን «ካሊፎርኒያ» በሚል ፋይል ለይቶ አስቀምጦት፣ ሌላው ወደ ቆሻሻ ሣጥን ጥሎት ሊሆን ይችላል። ትርፍ ቅጂ ተብሎ የተወገደው ያንን ይዞ ይሄዳል። ማን ጉዳዩን ቁም ነገር ብሎ እንደያዘው ማን ሳያነብ እንደጣለው የሚያሳየው ዱካ ያለው በቅጂዎቹ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

የሼቲና አዲቢ ሥራ ለዚህ ታሪክ በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ኢሜይልን ለሪፖርት በሚመች መልክ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል በግልጽ ያሳያል። ክምችቱን በአራት ሠንጠረዥ ከፈሉት። አንዱ የሠራተኞች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው መልእክቶቹ፣ ከላኪያቸውና ከቀናቸው ጋር። ሦስተኛው ተቀባዮቹ፣ በቀጥታ ነው በግልባጭ ወይስ በስውር ግልባጭ የደረሳቸው የሚለው ተለይቶ። አራተኛው በመልስ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ የቀደመ ጽሑፍ። ግልባጭና ስውር ግልባጭ መለየታቸው ደግ ውሳኔ ነበር፤ ብዙ የሪፖርት ሥርዓት ሁሉንም «ተቀባይ» ብሎ በአንድ ዓምድ ይጨፈልቃቸዋል፤ ያን ጊዜ አለቃውን በስውር ያስገባ ሰውና ጓደኛውን ለማሳወቅ ያህል የጨመረ ሰው አንድ ይሆናሉ።

እንዲህ የተደራጀ መረጃ ምን ያህል እንደሚናገር ያሳዩት ዲስነር፣ ፍራንትዝና ካርሊ ናቸው። የኦክቶበር 2000ን መጻጻፍ፣ ኩባንያው በሰላም ከነበረበት፣ ከኦክቶበር 2001 ጋር፣ ቤቱ ሲፈርስ ከነበረው፣ አነጻጸሩ። በቀውሱ ወር መጻጻፉ ይበልጥ ተጠላልፏል፤ ሰዎች ከማዕረግ መሰላሉ ውጭ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ይጻጻፋሉ፤ የበላይ ኃላፊዎቹ ግን እርስ በርስ ተጠጋግተው ጠባብ ክብ ሠርተዋል። አንድ ደብዳቤ ሳይነበብ፣ ከፖስታው ብቻ፣ ፍርሃት በአንድ ቤት ውስጥ ምን ቅርጽ እንደሚይዝ ታየ። ለሪፖርት ከዚህ የበለጠ ጥሩ ማስታወቂያ የለም። ሆኖም የታየው የ20,000 ሰው ኩባንያ ሳይሆን የ150 ሰዎች፣ ያውም መርማሪዎች ለሌላ ጉዳይ የመረጧቸው ሰዎች፣ መጻጻፍ ነው። የጽዳት ሠራተኛው፣ የሰው ኃይል ጸሐፊዋ፣ ጡረታቸውን በኩባንያው አክሲዮን አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን የቀሩት ተራ ሠራተኞች በዚህ ሥዕል ላይ ካሉ ያሉት ለአለቃ የጻፉ ዕለት ብቻ ነው።

አባሪዎቹስ? ለአሥር ዓመት ያህል ብዙ አላነጋገሩም፤ ክምችቱን የሚጠቀሙት በብዛት የቋንቋና የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ ተመራማሪዎች ስለነበሩ ጽሑፉ በቅቷቸዋል። ነገር ግን ኤንሮን በቁጥር የሚኖር ኩባንያ ነበር፤ ቁጥሮቹ የሚጓዙት ደግሞ በአባሪ ነው። በ2015 የኔዘርላንድሷ ተመራማሪ ፌሊን ኸርማንስ ከኤመርሰን መርፊ ሂል ጋር ሆና አባሪዎቹን የያዘ ሌላ ቅጂ ላይ ሠርታ 15,770 የኤክሴል ሠንጠረዦችን አወጣች። ቀመር ካለባቸው ሠንጠረዦች አንድ አራተኛ ያህሉ ኤክሴል ራሱ ስሕተት ብሎ ያመለከተው ቦታ ነበረባቸው። በኩባንያው ውስጥ በቀን 100 ያህል ሠንጠረዥ በኢሜይል ይዘዋወር ነበር። ይህ ኤንሮን ያጭበረበረው በእነዚህ ስሕተቶች ነው ማለት አይደለም፤ የየትኛውም ትልቅ ኩባንያ ጓዳ ሲከፈት የሚታይ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ይህን ማየት የቻለችው አንድ ሰው የሆነ ቦታ አባሪዎቹን ሳይጥል ስላስቀመጠ ነው። የኤስአርአይ ሰዎች አባሪዎቹን በመተዋቸው አይወቀሱም፤ የተነሱበት ጥያቄ አልጠየቃቸውም። የተጸዳ መረጃ የሚያገለግለው አጽጂው የነበረውን ጥያቄ ነው። የሚቀጥለው ጠያቂ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ የተጣለው ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥሬው ክምችት ከተጸዳው ጎን ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ይህ ለማኅደር ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ለኩባንያ ግን ወጪም አደጋም ነው። ጥሬው ክምችት ትልቅ ነው፤ ነገ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችል ማስረጃም ነው። የሪፖርቱ ሠንጠረዥ ደግሞ ቀላል፣ ፈጣን፣ የማያሳፍር ነው። ስለዚህ ፈተናው ሁልጊዜ ቁጥሩን ይዞ ደብዳቤውን ወደ መጣል ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ ስለ አንድ ሠራተኛ «ለደንበኛ መልስ ትዘገያለች» ቢል፣ ያ መልእክት በእውነት መልስ የሚያስፈልገው እንደነበር፣ ሰዓቱም በየትኛው አገር ሰዓት እንደተቆጠረ ለማየት የሚወርድ ፋይል የለም። በሂዩስተን የተላከ ኢሜይል ለንደን ሲደርስ ስድስት ሰዓት ልዩነት አለው፤ ይህን ያልለየ ስሌት ሰነፍ ያልሆነውን ሰነፍ ያደርጋል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በገልፍ አገሮች ከሌላ ክፍለ ዓለም ካለ ቢሮ ጋር በኢሜይል የሚሠራ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሰዎቹ ራሳቸው ይህን መቃወም የጀመሩት ዘግይተው ነው። በኖቬምበር 2020 ማይክሮሶፍት «ፕሮዳክቲቪቲ ስኮር» የተባለ የቢሮ ሥራ መመዘኛ ይዞ ሲወጣ፣ ኃላፊዎች እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ባለፉት 28 ቀናት ኢሜይልና ሌሎች መሣሪያዎችን ስንት ቀን እንደተጠቀመ ማየት ይችሉ ነበር። ተቃውሞው የበረታ ስለነበር ኩባንያው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሠራተኞችን ስም ከሪፖርቱ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ስሙ የወጣው ከሪፖርቱ ነው፤ ፖስታው ላይ ግን ስም አለ፣ ያለ ስም ፖስታ የለም። በአውሮፓ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ሰዎች በተወሰነ ሁኔታ ስለ እነርሱ የተያዘ መረጃ እንዲጠፋ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። የዋሽንግተኑ ዳኛ ፖስታውን አታጥፉ አሉ፤ የብራስልሱ ደንብ ከሚገባው በላይ አታቆዩት ይላል። ሁለቱም ዜጋውን ለመጠበቅ የተባሉ ናቸው። በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስማማ የሚያስበው፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያማክረው፣ ሠንጠረዡን የሚሠራው ሰው ነው።

የኤንሮን ሰዎች ያ መብት አልነበራቸውም። ያገኙት የካርኔጊ ሜለኑን ክምችት ጠባቂ በጎ ፈቃድ ነበር። መልእክታቸው እንዲወጣላቸው የጠየቁ የቀድሞ ሠራተኞች ጥያቄ እየተቀበለ፣ ክምችቱ በ2004፣ በ2009፣ በ2011 እና በ2015 እየታደሰ ወጣ። በመካከል ቅጂዎቹ ስንት ቦታ እንደደረሱ መቁጠር አይቻልም፤ የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያዎች ተለማምደውባቸዋል፣ በ2020 ይፋ በሆነው «ዘ ፓይል» በተባለው የጽሑፍ ክምችት አማካይነት ደግሞ የቋንቋ ሞዴሎች ተምረውባቸዋል። በካርኔጊ ሜለን ገጽ ላይ ለተጠቃሚዎች የተጻፈ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የቀድሞዎቹ እትሞች ከእንግዲህ አይሰጡም፤ አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው በአዲሱ እንዲተካው፣ ወይም በያዘው ቅጂ ላይ ተመሳሳዩን ማስተካከያ እንዲያደርግ ይጠየቃል።